ግራ እጅጌው ስላጠረው ኮት ለጓድ ሊቀመንበር የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ጓድ ኃይለየሱስ ሙሉብርሃን፣
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣
ናዝሬት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ራስዎን፣ ወገብዎን፣ ጉልበትዎን እንደምን ሰንብተዋል? ይልቁንም ትከሻዎን እንደምን ነዎት? የሚያዝያ ፀሐይ አስፋልቱን በሚያቀልጥበት በዚህ ሰሞን፣ እኛ ተራ ነዋሪዎች በስስ ሸሚዝ እየታፈንን ሳለን፣ እርስዎ ጠዋትና ማታ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ኮት ለብሰው እስከ ላይኛው ቁልፍ ተቆልፈው ሲያልፉ መላው ሰፈር ስለ ጤናዎ ይጨነቃል። እኔማ ኮቱን ስለማውቀው ጭንቀቴ ከሁሉም ይብሳል። ለማንኛውም እግዚአብሔር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ትግሉ፣ ይጠብቅዎ።

ምናልባት ረስተውኝ ከሆነ ወሰንየለሽ ገብረወልድ እባላለሁ፤ ዕድሜዬን በስልክ ቤት ተቀምጬ የአንዱን ድምፅ ለሌላው ሳቀብል ኖሬ ጡረታ የወጣሁ የቀበሌዎ ነዋሪ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ያልላክሁልዎ ለክብርዎ ተጠንቅቄ ነው። ታሽጎ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ የሚገባ ነገር ሁሉ ለሕዝብ ተወረሰ እየተባለ ሕዝብ ሳያየው ስለሚቀር፣ ይኸኛው እንኳ ቀድሞ ለሕዝብ ይድረስ ብዬ በኅብረት ሱቁ በር ላይ «ስኳር የለም» ከሚለው ማስታወቂያ ጎን ለጥፌዋለሁ። ያንን ማስታወቂያ ከወንጂ በኩል የሚመጣውን የሸንኮራ ጭስ እያሸተትን በየቀኑ ተሰልፈን ስለምናነበው ይኸኛውም አንባቢ አያጣም። ደግሞስ በየስብሰባው «ሂስና ግለ ሂስ የአብዮታችን ሳሙና ነው» የሚሉን እርስዎ አይደሉም? እውነተኛው ሳሙና ከሱቁ ከጠፋ ስለከረመ በዚህኛው ልንታጠብ ነው።

ምስጋናዬንና አቤቱታዬን ሳላምታታ በተራ በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለሰጡኝ ማዕረግ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ጡረታ የወጣች ሴት እጇን አጣጥፋ ሞቷን መጠበቅ ሲገባት፣ እኔ ሰልባጅ ልብስ እየመረጥሁ፣ የተተረተረውን በሲንጀር መኪናዬ እየጠቀምሁ፣ ለዓይን ደህና ሲሆን መልሼ እሸጥ ነበር። የምሸጠውም በስልክ ነው። አገራችን ዕቃ ሳያዩ የሚገዙበት አገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የኛ ሰው አንድ ሱሪ ለመግዛት ይጎትተዋል፣ ያሸተዋል፣ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ያየዋል፣ ጥሎት ይሄድና ተመልሶ ይመጣል። የመተሐራ አገዳ ቆራጭ ግን ናዝሬት ድረስ መጥቶ ሱሪ የሚጎትትበት ቀን ከየት ያገኛል? ስለዚህ ከካምፑ ይደውልልኛል፤ እኔም ከማማሩ በፊት ጉድለቱን እነግረዋለሁ። «ጉልበቱ ሳስቷል፣ ብብቱ ተጥፏል፣ አንዱ ቁልፍ ከወንድሞቹ አይመሳሰልም» እለዋለሁ። ይስማማል፤ የአውቶቡሱ ሹፌር ጂብሪል ከወንበሩ ሥር ሸጉጦ ያደርስለታል። አንድም ቀን ዋሸሽኝ ብሎ የደወለልኝ የለም። እርስዎ ይህንን ሰምተው በሕዝብ ፊት «ሕዝብ የማያየው ገበያ የከፈተች ንዑስ ከበርቴ» ብለው ሾሙኝ። እናቴ ከበርቴ ሳትባል ድሃ ሆና ነው የሞተችው፤ እኔ በስተርጅና፣ በአሮጌ ሱሪ፣ ለንዑስነት እንኳ በመብቃቴ ብታይ ደስ ይላት ነበር።

2ኛ. በኅዳር ወር አብዮት ጠባቂዎችዎን ልከው ቤቴን ስላጸዱልኝ አመሰግናለሁ። የተደበቀ ጤፍና ስኳር አለ ብለው አልጋዬን ሲገለብጡ፣ ዱቄት ዕቃዬን ሲበረብሩ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሆኑን ብነግራቸውም አልሰሙኝም፤ ኋላ ባዶ እጃቸውን እንዳይመለሱ ልብሶቹን በሙሉ በአንሶላዬ ቋጥረው፣ ስልኬን ከነገመዱ ነቅለው ሄዱ። ስልኩ ደህና እጅ ላይ ነው፤ ጠረጴዛዎ ላይ ተቀምጦ አይቼዋለሁ። ባለጉዳይ በገባ ቁጥር ያነሱትና «አዎ ጓድ፣ እሺ ጓድ፣ ይፈጸማል ጓድ» እያሉ ከበላይ አካል ጋር ይነጋገሩበታል። ገመዱ ግን ከጠረጴዛው ወርዶ ወንበርዎ እግር አጠገብ እንደተጠቀለለ ነው፤ ግድግዳው ጋ አልደረሰም። ዕድሜ ልኬን መስመር ሳገናኝ እንደ እርስዎ ሽቦው ሳይቀጠል ጥሪው የሚደርስለት ደንበኛ አላጋጠመኝም። የዚህን መስመር ምስጢር ቢያካፍሉኝ ኖሮ ነጋሳን ያገናኙኝ ብዬ እለምንዎ ነበር።

3ኛ. ስለ ነጋሳ።

ከልብሶቹ ጋር የሄደው ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ኮት ሸቀጥ አልነበረም። ባለቤቱ ነጋሳ ይባላል፤ የጎረቤቴ የወይዘሮ ኢፍቱ አንድ ልጅ ነው፤ ቆቃ ላይ ዓሣ እያሰገረ እናቱን የሚጦር ልጅ ነበር። ወለንጪቲ ሽማግሌ ልኮ እሺ ስለተባለ ለሠርጉ ከእኔ ዘንድ ያን ኮት መረጠ። እጅጌው ረዘመበት። ግራውን ለክቼ ቆረጥሁ፤ ቀኙ ግን በመረብ ጉተታ ትከሻው ወደ ታች ያዘነበለ ስለሆነ በግራው ልክ ብቆርጠው ይጣመማል፣ እንደገና ለብሰኸው ቆመህ ልለካህ አልሁት። «እንግዲያው ቅዳሜ፣ እትዬ ወሰኔ» አለኝ። «ቅዳሜ ጠዋት ከቀበሌ ያላገባ ነው የሚለውን ማስረጃዬን ተቀብዬ በዚያው እመጣለሁ። ጓድ ሊቀመንበር ራሳቸው ቅዳሜ ና ብለውኛል።»

ክቡር ሆይ፣ ቅዳሜ ና ያሉት እርስዎ ነዎት። ልጁ ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ለማስረጃው መጣልዎ፤ እርስዎም ማስረጃውን ትተው ከግቢው በስተጀርባ ወደቆመው የጭነት መኪና አስገቡት። የዚያን ወር የዘመቻ ኮታዎ አንድ ሰው ጎድሎት እንደነበር በኋላ ሰማን። ሌሎች ቀበሌዎች ለኮታቸው ጎረምሳ ሲያባርሩ በየጥሻው ሲወድቁ፣ እርስዎ ግን በእግሩ እንዲመጣልዎ ቀጠሮ ሰጡ፤ ይህ የአመራር ጥበብ ነው፣ ልንማርበት ይገባል። ልጁም ጥፋት አለበት፤ ቀበሌ ና ሲለው ለጥቅሜ ነው ብሎ የሚያምን ሰው በዚህ ዘመን ሙሽራ ለመሆን ገና አልበሰለም ነበር።

ወይዘሮ ኢፍቱ ያን ማታ እኔ ዘንድ መጥታ ኮቱን ነካካችው፤ «ቀኙን እንዳትቆርጪው፣ ሲመጣ ራሱ ቆሞ ይለካል» አለችኝ። ስለዚህ በግድግዳዬ ላይ አንድ እጅጌው አጭር፣ አንድ እጅጌው ረጅም ሆኖ ተሰቅሎ ከረመ። አብዮት ጠባቂዎችዎ ሲያወርዱት የሰው አደራ ነው ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል፤ ሰማዩ በእርግጥም ሩቅ ኖሮ ማንም አልሰማኝም። በማግስቱ ሐራጅ ወጣ ተባለ። አጫራቹ እርስዎ፣ ተጫራቹ እርስዎ፣ አሸናፊውም እርስዎ ሆኑ፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንደሚባለው፣ ቁጭት እንዳያገኝዎ በጊዜው ለበሱት። ከዚያ ወዲህ እነሆ በናዝሬት መንገድ ላይ ግራ አንጓዎ እየታየ፣ ቀኝ እጅዎ ደግሞ ጣቶችዎ ጫፍ ድረስ ተሸፍኖ ሲሄዱ እናይዎታለን።

4ኛ. በመጋቢት መጀመሪያ መርዶ መጣ። ነጋሳ ከሰሜን አይመለስም። ሬሳም የለም፣ መቃብርም የለም፤ ያሉት አንድ ወሬና ያንን ወሬ ይዘው የመጡ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። እርስዎም ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው፣ ኮቱን እንደለበሱ፣ ድንኳን ለመትከል የመጡትን ሰዎች መልሰው ሰደዷቸው። «ለጀግና አይለቀስም፣ ይፎከርለታል» አሉ። እናቱ ከደጃፏ ቁጭ ብላ ሲናገሩ አፍዎን አላየችም፤ ዓይኗ ግራ እጅጌዎ ላይ ነበር።

እርስዎም የዚሁ አገር ልጅ ነዎትና፣ ሬሳው ላልተገኘ ሰው በልብሱ እንደሚለቀስለት አይጠፋዎትም። አልቃሿ ልብሱን ከፍ አድርጋ ትይዛለች፣ እናት እጅጌውን ጨብጣ ደረቷን ትመታለች፣ ዘመድ በየተራ እየመጣ በልብሱ ላይ ያነባል። ነጋሳ ሌላ የሚለቀስበት ልብስ አልነበረውም፤ ደህናውን ልብሱን ያን ቅዳሜ ለእርስዎ ክብር ለብሶት ሄዷል፣ የቀረችው ዓሣ የሚያሰግርባት ቁምጣ ናት። ስለዚህ እኔ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ፣ ተሰልፌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ኮቱን ለአንድ ቀን ብቻ እንዲያውሱን ለመንሁዎ። ከሰዓት በኋላ ተኩሼ እመልስልዎታለሁ ብዬም ነበር። እርስዎ ያን ገመዱ ያልተሰካ ስልክ አንስተው ከበላይ አካል ጋር ከተማከሩ በኋላ «ንብረቱ የሕዝብ ሆኗል፣ ለግል ሐዘን አይሰጥም» አሉኝ። ይህንን ለወይዘሮ ኢፍቱ ስነግራት የመለሰችልኝ አንድ ነገር ነበር፤ «እንግዲያው ምን ይዤ ላልቅስ?» አለች።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ጨዋታውን ለአፍታ ልተወውና፣ በታላቅ አክብሮት እጠላዎታለሁ። ቤቴን ስለበረበሩ አይደለም፤ እሱን ይቅር ብዬዎታለሁ። ልጇን ወስደው ለእናት የሚለቀስበትን ጨርቅ ስለከለከሉ ነው። ይህንን ካልሁ በኋላ ወደ ተገቢው የአክብሮት ቋንቋዬ እመለሳለሁ።

5ኛ. በዚያው ወር ማብቂያ ላይ ስለ ቅይጥ ኢኮኖሚ ማብራሪያ ለመስጠት ሁላችንንም በአዳራሹ ስለሰበሰቡን ከልብ አመሰግናለሁ። ቀሪ የሆነ ኩፖን ያጣል ስላሉ ወይዘሮ ኢፍቱም ነጠላዋን ዘቅዝቃ መጥታ ከፊት ተቀመጠች፤ የሰፈሩ ሴቶችም ከበቧት። እርስዎ ከመድረክ ላይ ኮቱን ቆልፈው፣ ድምፅ ማጉያውን ይዘው፣ ከወረቀት ላይ እንዲህ አነበቡልን፦ ከእንግዲህ ማንኛውም ዜጋ፣ ጡረተኛም ቢሆን፣ በአነስተኛ ካፒታል ሸቀጥ ገዝቶ መሸጥ ይችላል፣ አብዮቱም ያበረታታዋል። በኅዳር ወንጀል የነበረው በመጋቢት ልማት ሆኖ ሳገኘው፣ ጡረተኛ የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ዓይንዎ ወደ እኔ ቢመጣ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

ከዚያ መፈክር አስከትለው ግራ እጅዎን ጨብጠው ወደ ላይ አነሱ። ያጠረው እጅጌ እስከ ክርንዎ ተሰበሰበ፤ የጠቀምሁበት ሰማያዊ ክር ከወዲህ ታየ። ወይዘሮ ኢፍቱ ከወንበሯ ተነሥታ «ያ ኢልማ ኮ!» ብላ ጮኸች። ልጄ ሆይ ማለቷ ነው። ሴቶቹ ሁሉ አብረዋት ተነሡ። እርስዎ ይህን አይተው ፊትዎ በራ፤ ንግግርዎ ሕዝቡን የነካው መሰለዎት። «ይህ የደስታ እንባ ነው!» ብለው በድምፅ ማጉያው ነገሩን፣ ያንኑ አንቀጽ ከመጀመሪያው ደግመው አነበቡት፣ እጅዎንም ደግመው አነሱ። ባነሱት ቁጥር ለቅሶው ይነሣል፤ ለቅሶው በተነሣ ቁጥር እጅዎን ያነሣሉ። እንደዚያ ቀን ደክመው ያገለገሉን ቀን የለም። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ያን ዕለት ከቀበሌው ሴት እንባ ያልፈሰሳት አልነበረችም፤ የራሳቸው ልጅ በየግንባሩ ያለባቸው የራሳቸውን አስበው አለቀሱ። በከተማው ውስጥ አልቅሳ በማስለቀስ የምትታወቀው ቡዜ ከፊትዎ ቆማ ያወረደችውን የሙሾ ግጥም የድምፅ ማጉያው ጩኸት አላሰማዎትም መሰለኝ፤ እንዳያመልጥዎ እዚህ እጽፍልዎታለሁ፦

ኮቱስ ይኸው ቆሟል ከፊቴ ከደጄ፣
ውስጡ የገባው ግን አይደለምኮ ልጄ።

እርስዎም በሙሾው ምት አጨበጨቡ። በከፍተኛው ኮሚቴ ዘንድም ሴቶች የቅይጥ ኢኮኖሚውን መመሪያ በእንባ ተቀበሉት ብለው ሪፖርት ማድረግዎን፣ የተመሰገኑበትም መሆኑን ሰምተናል፤ እንኳን ደስ ያለዎ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በጠዋት ወደ ሥራዎ ሲያልፉ ሴቶቹ ከየደጃፋቸው ብድግ የሚሉት፣ ነጠላቸውን የሚያዘቀዝቁት፣ ራሳቸውን ዝቅ የሚያደርጉት ለእርስዎ መስሎዎት ሰላምታ ሲመልሱ ከርመዋል። እንዳይታዘቡን እውነቱን ልንገርዎ፤ የተነሣነው ለነጋሳ ነው። ድንኳን መትከል ቢከለክሉንም ድንኳናችን በየጠዋቱ በእግሩ እየሄደ ደጃችን ድረስ ይመጣልን ነበር። ራቅ ካለ ቦታ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ዘመድ ሲኖር እንኳ ከአጥሩ ሥር አስቀምጠን «ቆይ፣ አሁን ያልፋሉ» እንለው ነበር። ጂብሪልም ሁለት ጊዜ የመተሐራ ለቀስተኞች ጭኖ መጥቷል። እርስዎ ቆመው «ጓዶች ከየት ናችሁ?» ብለው ስለጠየቋቸውና ስለ ምርት ዘመቻ ስለነገሯቸው አልቅሰው እስኪወጣላቸው ጊዜ አግኝተዋል፤ በእነርሱም ስም አመሰግናለሁ።

6ኛ. የመጨረሻው ነው። ባለፈው እሑድ የነጋሳ አርባ ወጣ። እኔ ለዚያ ቀን ሌላ ነገር አስቤ ነበር፤ ኮቱ ይመለስ የሚል አቤቱታ አስጽፌ ከአውራጃ እስከ ክፍለ ሀገር ልዞርበት፣ ካልሆነም ከትከሻዎ ላይ በጥርሴ ልገፍፈው ቆርጬ ነበር። ወይዘሮ ኢፍቱ ከለከለችኝ። «ተይው እትዬ ወሰኔ፤ የሟች ልብስ ከአርባው በኋላ ለነዳይ አይደል የሚሰጠው?» አለች። «ለእሱ ሰጥቼዋለሁ። ለልጄ ነፍስ ይሁንልኝ።» ይህን ያለችው ካህኑም፣ ሴቶቹም፣ እኔም በተሰበሰብንበት ነው።

ስለዚህ ኮቱ ከእሑድ ጀምሮ የተወረሰ ንብረት መሆኑ ቀርቶ ምጽዋት ሆኗል፤ በሐራጅ አሸነፍሁት ማለቱን ይተዉትና ሰው ሲጠይቅዎ በነጋሳ ስም የተመጸወትሁት ነው ይበሉ። እርግጥ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነዳያን እርስዎ ከእነርሱ ኋላ መጥተው ተራ ስለዘለሉባቸው ቅር ብሏቸዋል፤ እኔ ግን ከእነርሱ ይልቅ ችግር የባሰብዎት እርስዎ መሆንዎን አስረድቻቸው ተስማምተዋል። ሰፈሩም አውቆታል፤ ከአሁን በኋላ ሲያልፉ ሰው ከተቀመጠበት ባይነሣልዎ ንቀት አይምሰልዎ፣ ለቅሶአችን አብቅቶ ነው። አንድ ግዴታ ብቻ ይቀርብዎታል፤ ምጽዋት የተቀበለ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ በወይዘሮ ኢፍቱ ደጅ ሲያልፉ ቆም ብለው፣ ባርኔጣዎን አውልቀው «ነፍስ ይማር» ይበሉ። እናቱ ከበሩ ላይ ተቀምጣ ትጠብቅዎታለች።

ዕድሜና ጤና ሰጥቶዎ፣ ሙቀቱንም ችለው፣ ኮቱ በላይዎ ላይ እስኪያልቅ ድረስ እንዲያኖርዎ እየተመኘሁ፣ ለእርስዎ ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት በአብዮታዊ ሰላምታ፣ ግራ እጄን አንሥቼ እገልጻለሁ።

ወሰንየለሽ ገብረወልድ
ጡረተኛና ንዑስ ከበርቴ
ናዝሬት፣ ሚያዝያ 1982 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለኅብረት ሱቁ ሰልፈኞች በሙሉ፣
ለመተሐራ አውቶቡስ ተሳፋሪዎች (በጂብሪል በኩል በቃል)፣
ለቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነዳያን፣ አዲሱን ባልደረባቸውን እንዲያውቁት።

የተረሳ፦ ቀኝ እጅጌው እንደረዘመ መቅረቱ ሁልጊዜ ይከነክነኛል፤ የጀመርሁትን ሥራ ሳልጨርስ መሞት አልወድም። ሲመችዎ ኮቱን ለብሰው ብቅ ይበሉና ቆመው ልለካዎ፤ ከነዳይ ዋጋ አልቀበልም። ቅዳሜ ይምጡ።